ያልወጋኋት ድመት

ጡረታ የወጣሁት ባለፈው ሐምሌ ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ጋቢ አልብሶ፣ ጥቂት ንግግር አድርጎ ሸኘኝ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ዳንግላ ውስጥ በእግሬ እዞራለሁ። ባጃጅም ጋሪም አልሳፈርም፤ የምቸኩልበት ነገር የለኝም። በዚህ ዙረት አንድ ነገር አስተዋልኩ። ወደ አንድ መንደር ስገባ ሲጮሁ የነበሩ ውሾች ዝም ይላሉ። አይሸሹም፣ አይተናኮሉኝም። ጆሯቸውን ጥለው አጥር ሥር ይቀመጡና እስካልፍ ድረስ ያዩኛል።

ባለቤቴ ትስቃለች። «የመርፌ ሽታ ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ያልለቀቀህ አሁን ሊለቅህ ነው?» ትለኛለች። እውነቷን ይሆናል። እኔ ግን ያን ዝምታ አልወደውም። በሥራ ዘመኔ ከሚጮኸው እንስሳ ይልቅ ዝም ያለው ነበር የሚያስፈራኝ።

የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን ነበርኩ። ከብት አክሜያለሁ፣ ፈረስ አክሜያለሁ፤ ዕድሜዬን የበላው ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የመጀመሪያ ምድቤ እንጅባራ ነበር። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለምግብ ደርሶ የሚተርፍ ስላልነበረ ስለ እሱ ብዙ አላወራም። ከእንጅባራ ያተረፍኩት ጋሽ አንለይን ነው።

ጋሽ አንለይ አጭር፣ ዝምተኛ፣ በጋም ክረምትም ያንኑ የዝናብ ካፖርት የሚለብስ አንጋፋ ቴክኒሻን ነበር። ቢሮ ውስጥ በአማርኛ፣ ገጠር ስንወጣ በአገውኛ ነበር የሚያወራው፤ በአገውኛ ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ግቢ ከመግባቱ በፊት ኮፍያውን አውልቆ ከአጥሩ ውጭ ይቆምና ያዳምጣል። ለሰላምታ የወጣው ባለቤት ግራ ተጋብቶ እያየው እንኳ አይነቃነቅም። «የጤነኛ ውሻ ጩኸት ይቆራረጣል። የታመመው ግን ጩኸቱን ወደ መጨረሻው ይጎትተዋል፣ እንደ ማልቀስ ያደርገዋል» አለኝ አንድ ቀን። ውሻውን ከወጋ በኋላ ደግሞ በየቤቱ ሳይሰለች አንድ ጥያቄ ይጠይቃል።

«ድመትስ አላችሁ?»

ሰው ይስቅበታል። ድመት ማን ያስከትባል? እሱ ግን አልጋ ሥር ገብቶም ቢሆን ያወጣታል፤ በጆንያ ጠቅልሎ፣ አንገቷን በሁለት ጣት ይዞ ይወጋታል። ካርድ የሚጽፍበትን እስክሪብቶ ከኪሱ የሚያወጣው መርፌው ተነቅሎ ሳጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚያ መካከል ሰው ቢያናግረው አይመልስም።

አንድ ቀን ከጥርባ ሐይቅ በኩል አንድ ገበሬ መጣ። «ውሻዬ ጉሮሮው ውስጥ አጥንት ተሰንቅሮበታል፤ አፉን መግጠም አቃተው» አለን። አብረነው ሄድን። ከሐይቁ የተነሳ ጉም ዛፎቹን ውጧቸው ነበር። ከሰውየው አጥር ስንደርስ ጋሽ አንለይ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ምንም አይሰማም።

«ውሻው የት ነው?»

«ደጃፍ ታስሯል።»

«ሰው ሲመጣ ለምን አልጮኸም?»

«ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ድምፅ የለውም» አለ ሰውየው።

ገባን። ትልቅ ጥቁር ውሻ ነው። የታችኛው መንጋጋው ተንጠልጥሏል፤ ለሃጩ እንደ ገመድ መሬት ድረስ ወርዷል። እኛን ሲያይ ራሱን ወደ ላይ ቀና አድርጎ አንገቱን ዘረጋ፤ የሚያላዝን ውሻ እንደሚያደርገው። ጉሮሮው ይንቀሳቀሳል፣ ደረቱ ይነፋል፣ ድምፅ ግን አይወጣም። ዓይኖቹ በእኛና በእሱ መካከል የሆነ ነገር ይከተላሉ፤ እዚያ ግን ምንም የለም። ከዚያ ጅራቱን ቆላልን።

ባለቤቱ እጅጌውን ሰብስቦ ተጠጋው፤ እጁን አስገብቶ አጥንቱን ሊያወጣለት ነው። ጋሽ አንለይ የእጁን አንጓ ያዘና ቀስ ብሎ በአገውኛ አናገረው። የሰውየው ፊት አመድ መሰለ። በኋላ ምን እንዳለው ጠየቅሁት። «አጥንት የለም፣ ጉሮሮው ሽባ ሆኖ ነው፣ እጅህን ካስገባህ አብረኸው ትሄዳለህ አልኩት» አለኝ።

ውሻው በማግስቱ ሞተ። ራሱን ቆርጠን፣ በበረዶ አሽገን ወደ ላቦራቶሪ ላክነው፤ የጠረጠርነው ሆነ። ለሃጩ የነካቸው የቤቱ ሰዎች ሁሉ ክትባት ጀመሩ። ሰውየው ዛሬም በሕይወት አለ፣ ድንች ይነግዳል። የመጀመሪያ ትምህርቴ ይህ ነበር፤ ጥሩ አስተማሪ ነበረኝ። የሚቀጥለውን የምናገረው ባለማወቅ እንዳላደረግሁት እንዲታወቅልኝ ነው።

ጋሽ አንለይ ጡረታ ሲወጣ እኔ ወደ ዳንግላ ተዛወርኩ። አዲሱ አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዕቅድ የሚወድ፣ ሪፖርት ጎድሎ ሲያይ እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነበር። ደንቡን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሦስት ወር የሞላው ውሻና ድመት ሁሉ ይከተባል፣ በየዓመቱ ይደገማል፣ ባለቤቱ ካርድ ይይዛል። ሰው የነከሰ እንስሳ ካርድ ኖረውም አልኖረውም አሥር ቀን ተዘግቶበት ይጠበቃል። የተነከሰው ሰው ደግሞ ቁስሉን አጥቦ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

በዚያ ዓመት ከመስቀል በኋላ የክትባት ዘመቻ ነበረን። ከቀኑ መጨረሻ ላይ ጋሪ ተራ አጠገብ ካለው የጋሽ እንድሪስ የእህል መጋዘን ደረስኩ። ጋሽ እንድሪስ በቆሎና ዳጉሳ ነጋዴ ናቸው፤ ጨዋታ የሚያውቁ፣ በገበያው ሁሉ የሚወደዱ ሰው። ለአይጡ ብለው አንዲት ግራጫ ድመት ያሳድጋሉ፤ «ልጄ» ነው የሚሏት።

«ምናለ፣ ልጄን ውጋልኝና ወረቀቷን ስጠኝ» አሉኝ በስሜ ጠርተው፣ ከሚዛኑ ሳይነሱ። «ውስጥ ናት። እኔ ደንበኛ ይዣለሁ።»

መርፌውን ሞልቼ ገባሁ። መጋዘኑ መስኮት የለውም። ጆንያው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ በመካከሉ አንድ ሰው በጎን የሚያልፍበት መተላለፊያ አለ። ባትሪዬን አበራሁ። ድመቷ ከጆንያው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ጠራኋት። አልተነቃነቀችም፣ ዓይኗንም አላርገበገበችም። ከጆንያዎቹ ጀርባ የሆነ ነገር ይንኮሻኮሻል። አይጥ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን መተላለፊያው ከኋላዬ የጠበበ መሰለኝ፤ አንገቴ ላይ ላብ ወረደ። ያች ድመት በዚያ ቀን ጤነኛ ነበረች፣ ሰው የማትቀርብ ዓይናፋር ድመት ብቻ። እኔ ግን ፈራኋት። ለምን እንደፈራኋት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመርፌውን መድኃኒት ወለሉ ላይ ረጨሁት። አቧራው ጠጣው። ትንሽ ቆየሁና ወጣሁ።

«ወጋሃት?»

«አዎ።»

ካርዱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሰጠኋቸው። ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

በታኅሣሥ አንድ ጠዋት ጋሽ እንድሪስ አውራ ጣታቸውን በጨርቅ አስረው ክሊኒኩ መጡ።

«ልጄ ከዳችኝ» አሉ እየሳቁ። ሁለት ቀን ሙሉ ከእግራቸው ሥር አልጠፋ ብላ ነበር። ወትሮ የማትነካዋ ድመት ጭናቸው ላይ እየወጣች ትታሻቸው፣ ትልሳቸው ነበር። ከዚያ በድንገት ጣታቸውን ነክሳ አልለቅም አለች። መንጋጋዋን በማንኪያ ነው ያላቀቋት። አሁን ከጆንያዎቹ ጀርባ ገብታለች።

«ድምጿ ይሰማል?» አልኩ።

«ይሰማል። ግን ጉንፋን የያዛት ይመስላል፤ እንደ ሰው ነው የምታቃስተው።»

«ለጥንቃቄ ያህል ጤና ጣቢያ ሄደው ክትባቱን ቢጀምሩ ጥሩ ነው» አልኳቸው።

«ተከትባለች እኮ።» ከደረት ኪሳቸው ካርዱን አወጡ። በላስቲክ አድርገው በንጽሕና ይዘውታል። «ይህ ፊርማ ያንተ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ ምን አስፈራህ?»

አለቃዬ ከአጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ይጽፍ ነበር። እኔ መናገር የነበረብኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። አልወጋኋትም። ቃሏ አፌ ውስጥ መጥታ ነበር፤ አላወጣኋትም። «ለማንኛውም ድመቷን ካገኟት ይዝጉባትና ይጥሩኝ፤ አሥር ቀን ማየት አለብን» አልኩ። እሳቸውም እሺ ብለው ሄዱ።

በማግስቱ መጋዘኑ ሄድኩ። ድመቷ የለችም። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሄድኩ፤ ከጆንያዎቹ ፊት ቆሜ አዳመጥኩ። «ጠፋች፤ ሄዳ ይሆናል» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሳልፍ አይጦች በጠራራ ፀሐይ በመጋዘኑ ደጃፍ ሲመላለሱ አየሁ። ማንም አልተከተላቸውም። ለራሴ፣ ይህን ያህል ቀን ምንም ካልሆኑ ተርፈዋል አልኩ። በሽታው ወራት ተደብቆ እንደሚቆይ ከማንም በላይ አውቃለሁ፤ እንዲያም ሆኖ አልኩት።

ጋሽ እንድሪስ እንደገና የመጡት ጥር ሲያልቅ ነው። ጣታቸው ድኗል። ነጭ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

«ምናለ፣ ለከብት የምትቀቡት ቅባት የለህም?» አሉ። «ይህ ጣቴ ያሳክከኛል። ላዩ ድኗል፤ ውስጡን ነው የሚበላኝ። ከትናንት ጀምሮ እስከ ክርኔ ወጥቷል።»

በዚያ መካከል ንፋስ በሩን ገፋ አደረገው። ጋሽ እንድሪስ ፊታቸውን አዞሩ፣ ጉሮሯቸውን ያዙ፣ ትንፋሻቸው ተቆረጠ። ከዚያ አለፈላቸው።

«ብርድ መታኝ መሰለኝ» አሉ።

ያኔ ነው ቃሉ የወጣው። «አልወጋኋትም።»

«ምኑን?»

«ድመቷን። ያን ቀን አልወጋኋትም።»

ያልገባቸው ነገር ያለ ይመስል ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ገብተህ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«ገብቼ ነበር።»

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። መንገዱን ሙሉ የባጃጁ መጋረጃ በተገለበጠ ቁጥር ንፋሱን እየሸሹ ፊታቸውን ትከሻዬ ውስጥ ይደብቁ ነበር። የሚሸሸጉት በእኔ ነበር። ሐኪሙ ካያቸው በኋላ ወደ ውጭ ጠራኝ። «ሥራህ ስለሆነ ለአንተ መንገር አያስፈልግም» አለ። እውነቱን ነው፤ አውቀዋለሁ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም።

በሁለተኛው ቀን አስጠሩኝ። ክፍሉን አጨልመውላቸዋል። ነርሷ ከኮሪደሩ ወዲያ ውሃ ስትቀዳ ድምፁን ሰምተው ሰውነታቸው አልጋው ላይ ተገተረ፤ ከዚያ ላላ። በሁለቱ መካከል ግን አእምሯቸው ንጹሕ ነበር። ይህን በሽታ አስፈሪ የሚያደርገው እሱ ነው። ሰውየው ሁሉን ያውቃል።

«በሩን ቀስ ብለህ ዝጋው፤ ንፋስ አታምጣብኝ» አሉ። ዘጋሁት። «ቅረብ።»

ቀረብኩ። ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ እንዲረግሙኝም ፈልጌ ነበር።

«ዘይነባን ቧጥራታለች» አሉ። ዘይነባ ባለቤታቸው ናቸው። «እኔን የነከሰችኝ ቀን። አንገቷ ላይ ዘልላባት ነበር። ‹ሐኪም ቤት ልሂድ?› ብላኝ ‹ካርድ አላት፣ ዝም በይ› አልኳት። ሄደህ ንገራት። እኔ ብነግራት እየቃዠ ነው ትላለች። አንተ ንገራት።»

እትዬ ዘይነባ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቆሜ ነገርኳቸው፤ መጋዘን መግባቴን፣ መድኃኒቱን ወለል ላይ ማፍሰሴን፣ ካርዱን መፈረሜን፣ አሁን የቀረው ነገር የእሳቸው ክትባት መሆኑን። እጃቸው ወደ አንገታቸው ሄደ።

በዚያ ሳምንት ክትባቱ ከተማው ውስጥ አልቆ ነበር። ስልክ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ከብዙ ጥሪ በኋላ ባሕር ዳር እንዳለ አረጋገጥኩ። በሚኒባስ ሄጄ፣ የበረዶ ሳጥኑን ጭኔ ላይ ይዤ በዚያው ቀን ተመለስኩ። እትዬ ዘይነባ የመጀመሪያውን መርፌ ሲወጉ በመስኮት አየሁ። ጋሽ እንድሪስ በማግስቱ ጠዋት አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ወንድሞቻቸው መጋዘኑን ሲያራግፉ ድመቷን አገኟት። በጆንያውና በግድግዳው መካከል ደርቃ ነበር፤ ጥርሶቿ ጆንያው ላይ እንደተቀረቀሩ። እኔ በሦስተኛው ቀን ቆሜ ካዳመጥኩበት ቦታ እጅ ቢዘረጋ ይደርስባታል።

እንጅባራ ሄጄ ለጋሽ አንለይ ነገርኩት። አርጅቶ፣ ያንን ካፖርት እንደለበሰ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

«ለባለቤታቸው ነግረሃል?»

«ነግሬያለሁ።»

«ለመሥሪያ ቤትህስ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ አላነጋገረኝም። በመጣሁበት ሚኒባስ ተመለስኩና በጽሑፍ አመለከትኩ። ጉዳዩ ታየ፤ ደመወዜ ተቀጣ፣ ከደረጃዬ ዝቅ ብዬ ወደ አዘና ተዛወርኩ። ጋሽ አንለይ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ሳንታረቅ ነው የተለያየነው።

አዘና ብዙ ዓመት ሠራሁ። በዘመቻ ቀን ሳይወጋ የቀረ እንስሳ ካለ ካርዱ ላይ «አልተከተበም» ብዬ በትልቁ እጽፍ ነበር። አለቆች አልወደዱልኝም፤ ሪፖርት ያበላሻል። ሰዎቹ ግን ያን ቃል ሲያዩ በማግስቱ ድመታቸውን በጆንያ ይዘው ይመጡ ነበር። ሌሊት ላይ አንዳንዴ መድኃኒቱ አቧራው ውስጥ ሲሰርግ አያለሁ። በሕልሜ ድምፅ የለም፤ ድመቷም የለችም። ወለሉ ብቻ ነው የሚታየኝ።

ዳንግላ የመለሱኝ ለጡረታ ስቃረብ ነው። እትዬ ዘይነባ ክትባቱን ጨርሰው ተርፈው፣ መጋዘኑን ራሳቸው ይዘው ይነግዱ ነበር። በመንገድ ስንገናኝ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ አድርገው ያልፋሉ። እኔም ጎንበስ ብዬ አልፋለሁ። ጥቂት ዓመት እንዲህ ሄደ።

የመጨረሻ ዘመቻዬ ቀን ግን ክሊኒኩ ደጃፍ መጥተው ቆሙ። ከዚያ ኮሪደር ወዲህ ድምፃቸውን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሦስት ድመት አለኝ። ለሰው አይወጡም» አሉ። «ገብተህ ውጋቸው።»

ባልደረባዬ እኔ እሄዳለሁ አለ። «እሱ ነው የሚገባው» አሉ እኔን እያዩ።

መጋዘኑ አልተለወጠም። ያው ጆንያ፣ ያው ጠባብ መተላለፊያ። ስገባ እትዬ ዘይነባ ከኋላዬ በሩን ዘጉት። «እንዳያመልጡ ነው» አሉ ከውጭ። መቀርቀሪያው ሲወርድ ሰማሁ።

ባትሪዬን አበራሁ። ስድስት ዓይን ከጆንያዎቹ ጫፍ ላይ አየኝ። አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ከጀርባ የሚንኮሻኮሽ ነገር ነበር፤ እኔ ስቆም እሱም ቆመ። ጆንያው ላይ ወጣሁ። የመጀመሪያዋን በጋቢዬ ጠቀለልኳትና ወጋኋት። ሁለተኛዋ ግድግዳው ጥግ ገብታ ነበር፤ በሆዴ ተስቤ ደረስኩባት። ሦስተኛው ግራጫ ነው። ክንዴን ከአንጓ እስከ ክርን ቧጠጠኝ። አለቀቅሁትም። መርፌው ሲገባ በጣቴ ሥር ልቡ ሲመታ ተሰማኝ፤ መድኃኒቱ እስኪያልቅ ያዝኩት።

ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። በሩን አንኳኳሁ። ተከፈተ።

እትዬ ዘይነባ ከበሩ ጋር ተጣብቀው ቆመው ነበር። ወጋሃቸው ወይ ብለው አልጠየቁኝም። ክንዴ ላይ ደሙን አዩ። ደጃፉ ላይ ሳፋ፣ ጆግና አዲስ ሳሙና አዘጋጅተው ነበር። በጣታቸው ወደ ሳፋው አመለከቱኝ። ጎንበስ አልኩ፤ እሳቸው ማፍሰስ ጀመሩ። ሳሙናውን መታሁ፣ አጠብኩ፣ እንደገና መታሁ። ደሙ ቆመ። ጆጉ ሲያልቅ ከበርሜል ቀድተው መጡ። የጋሪ ፈረሶች በአጠገባችን ያልፋሉ፤ ሰዎች ቆም ብለው ያዩናል።

«ይበቃል፣ እትዬ ዘይነባ» አልኩ። «እኔ ቀድሞም ተከትቤያለሁ።»

«እኔ ይበቃል ስልህ ነው የሚበቃው» አሉ።

ውሃው ይወርድ ነበር። እጄን አልሰበሰብኩም።